ከድንጋይ እስከ ሳተርን፦ እፍጋትን በራሳችሁ የምታሰሉበት ዝርዝር መመሪያ

የጁፒተርን እፍጋት ለማወቅ ጁፒተር ከእኛ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ ማወቅ የግድ አይደለም። ስፋቱን በኪሎ ሜትር ማወቅም አያስፈልግም። ከጨረቃዎቹ አንዷ በፎቶ ላይ ከመሃሉ ምን ያህል እንደራቀች በማስመሪያ ትለካላችሁ። አንድ ዙር ለመጨረስ ስንት ቀን እንደሚፈጅባት ትቆጥራላችሁ። ከዚያ ካልኩሌተር ማውጣት ነው፤ በቃ። ከማውቃቸው ስሌቶች ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንን ነው።

ይህ መመሪያ እስከዚያ ስሌት ድረስ ይወስዳችኋል። መነሻችን ግን ጠረጴዛ ላይ ያለ አንድ ብርጭቆ ውሃ ነው። አንድ ነገር ይሰምጣል ወይስ ይንሳፈፋል የሚለውን የሚወስነው ቁጥርና አንድ ፕላኔት ከምን እንደተሠራ የሚጠቁመው ቁጥር አንድ ናቸው። ይህን ቁጥር አንዴ በእጃችሁ ከለካችሁት ስለ ሳተርን የሚነገረውን ሁሉ፣ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል የሚለውንም ጨምሮ፣ ራሳችሁ መመርመር ትችላላችሁ።

የሚያስፈልጋችሁ ትንሽ ነው። እስከ 1 ግራም የሚያነብ ዲጂታል የወጥ ቤት ሚዛን፣ ሰፋ ያለ ብርጭቆ ወይም ማሰሮ፣ ክር፣ ረዥም መርፌ፣ አንድ ድንጋይ፣ አንድ ቁራጭ እንጨት፣ ልጆች የሚጫወቱበት ፕላስቲሲን፣ ጨው። ለፕላኔቶቹ ክፍል ደግሞ ማስመሪያና ካልኩሌተር።

ደረጃ 1፦ ቁጥሩ ምን እንደሆነ መያዝ

እፍጋት፣ ብዙዎቻችን ዴንሲቲ የምንለው፣ የአንድ ነገር መጠነ ቁስ ለይዘቱ ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው። በቀላሉ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ የሚያህለው ቁራጭ ስንት ግራም ይመዝናል ማለት ነው።

ውሃ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። 1 ሴንቲ ሜትር ኩብ ውሃ 1 ግራም ይመዝናል። 1 ሊትር 1 ኪሎ፣ 1 ሜትር ኩብ ደግሞ 1 ቶን። ሙቀቱ ከፍ ዝቅ ሲል ቁጥሩ በጣም ትንሽ ይለዋወጣል፤ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 0.998 ነው። ለእኛ ሥራ 1 ብንለው ምንም አይጎድልብንም።

ለማነጻጸሪያ ጥቂት ቁጥሮች ያዙ። በረዶ 0.917፣ ግራናይት ድንጋይ 2.7 ገደማ፣ አልሙኒየም 2.7፣ ብረት 7.87፣ እርሳስ 11.3፣ ወርቅ 19.3። ሁሉም በግራም ለሴንቲ ሜትር ኩብ ናቸው። ከዚህ በኋላ አሃዱን በየጊዜው አልደግመውም። ወደ ኪሎ ግራም ለሜትር ኩብ ለመቀየር በ1000 ማባዛት ይበቃል።

ደረጃ 2፦ የሚሰምጥ ነገር መለካት

ብዙ ሰው የድንጋይ ይዘት የሚለካው ውሃ የሞላ ዕቃ ውስጥ ከትቶ የፈሰሰውን በመሰብሰብ ነው። ያስኬዳል፤ ግን ውሃው ከዕቃው ጠርዝ ላይ ስለሚያብጥና ጠብታም ስለሚቀር ስህተቱ ይበዛል። የጥንቱ ግሪካዊ አርኪሜዲስ የንጉሡ ዘውድ ንጹሕ ወርቅ መሆኑን የመረመረበት ታሪክ በዚህ መንገድ ይነገራል። ጋሊሊዮ ገና የ22 ዓመት ወጣት ሳለ በ1586 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ይህ ዘዴ ለአርኪሜዲስ የማይመጥን ሸካራ ነው ብሎ አሰበ፤ ውሃ ውስጥ የሚመዝን ሚዛንም ነደፈ። እኛም እሱ በሄደበት መስመር እንሄዳለን። በዲጂታል ሚዛን ደግሞ ሥራው ከሱ ዘመን ይልቅ በጣም ቀሏል።

መጀመሪያ ድንጋዩን ደረቁን መዝኑ። 162 ግራም ሆነ እንበል። ቁጥሩን ጻፉት።

ቀጥላችሁ ብርጭቆውን እስከ ግማሹ ውሃ ሞልታችሁ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ዜሮ አድርጉት። ድንጋዩን በክር እሰሩ። ክሩን በእጃችሁ ይዛችሁ ድንጋዩን ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አጥልቁት። ታችኛውንም ጎኑንም እንዳይነካ ተጠንቀቁ፤ ከነካ ንባቡ ይበላሻል። አሁን ሚዛኑ 60 አነበበ እንበል።

ያ 60 የድንጋዩ ይዘት ነው፤ 60 ሴንቲ ሜትር ኩብ። እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ የመንሳፈፍ ምስጢር ያለው እዚህ ነው። ድንጋዩን የያዛችሁት እናንተ ናችሁ፤ ታዲያ ሚዛኑ ለምን ተጨማሪ ክብደት አሳየ? ውሃው ድንጋዩን ወደ ላይ ይገፋዋል። ድንጋዩም በዚያው መጠን ውሃውን ወደ ታች ይገፋል። የዚህ ግፊት መጠን ድንጋዩ ቦታውን የነጠቀው ውሃ ክብደት ነው። 60 ግራም ውሃ ደግሞ 60 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይይዛል።

162 ለ60 ስታካፍሉ 2.7 ይመጣል። እጃችሁ ላይ ያለው ግራናይት መሰል ድንጋይ ነው።

ውጤታችሁ ከ2 በታች ከወረደ ድንጋዩ ቀዳዳ የበዛበት ሊሆን ይችላል፤ ወይም የአየር አረፋ ተለጥፎበታል። ድንጋዩን ውሃ ውስጥ ነቅነቅ አድርጋችሁ አረፋውን አራግፉና ድገሙት።

ደረጃ 3፦ የሚንሳፈፍ ነገር መለካት

እንጨቱ ይበልጥ ደስ ይላል፤ ከብርጭቆው ሳይወጣ ሁለቱንም ቁጥር ይሰጣችኋል። ውሃ ያለበትን ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ እንደገና ዜሮ አድርጉት። እንጨቱን ዝም ብላችሁ ልቀቁት፤ ይንሳፈፋል። የሚታየው ቁጥር መጠነ ቁሱ ነው፤ 48 ግራም እንበል። አሁን በመርፌው ጫፍ ከውሃው በታች ልክ እስኪሸፈን ድረስ ወደ ታች ግፉት። ቁጥሩ ወደ 75 ወጣ እንበል። ይህ ይዘቱ ነው። 48 ለ75፣ 0.64።

ከዚህ አንድ ነገር በነጻ ታገኛላችሁ። 0.64 እፍጋት ያለው እንጨት ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ከአካሉ 64 በመቶው ከውሃ በታች ነው፣ 36 በመቶው በላይ። እንጨቱ ላይ በእርሳስ መስመር አስምራችሁ አረጋግጡ። በረዶም በዚሁ ሕግ ይተዳደራል። የባሕር ውሃ እፍጋት 1.025 ገደማ ስለሆነ 0.917 ለ1.025 ስናካፍል 0.895 ይመጣል። ባሕር ላይ የምናየው የበረዶ ተራራ ከአሥር እጁ አንድ እጁ ገደማ ብቻ ነው።

ሁሉም እንጨት ግን አይንሳፈፍም። ጥቁሩ የኢቦኒ እንጨት እፍጋቱ ከውሃ ስለሚበልጥ ይሰምጣል።

ደረጃ 4፦ ውሃው ለምን ወደ ላይ ይገፋል?

ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ ውሃ ውስጥ ጠልቆ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። የላይኛው ፊቱ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ነው፣ የታችኛው 30 ላይ። ጥልቀት በጨመረ ቁጥር የውሃ ግፊት ይጨምራል። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ የሚገፋው ግፊት ከላይ ወደ ታች ከሚገፋው ይበልጣል። በጎን ያሉት ግፊቶች እርስ በርስ ይጣፋሉ። የሚተርፈው ልዩነት ልክ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ውሃ ክብደት ያህል ነው፤ ማለትም 1 ሊትር፣ 1 ኪሎ። ኩቡ ከ1 ኪሎ በታች ከመዘነ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከበለጠ ይወርዳል። ኩቡን 20 ሜትር ጥልቀት ላይ ብታስቀምጡትም ልዩነቱ ያው 10 ሴንቲ ሜትር ነው።

ከዚህ የሚከተል ነገር አለ፤ ለፕላኔቶቹ ክፍልም ያስፈልገናል። የስበት ጥንካሬ ለመንሳፈፍ ምንም ለውጥ አያመጣም። ስበት ሲቀንስ የኩቡም ክብደት ይቀንሳል፣ የውሃውም ግፊት በዚያው ልክ ይቀንሳል። እንጨታችሁን ማርስ ላይ በታሸገ ክፍል ውስጥ ውሃ ላይ ብታስቀምጡት ያው 64 በመቶው ይጠልቃል። ስበት ጨርሶ የማይሰማበት ቦታ ግን ሌላ ነው። እዚያ ላይና ታች የሚባል ስለሌለ መንሳፈፍም መስጠምም የለም።

ደረጃ 5፦ ቅርጹን መቀየር፣ ፈሳሹን መቀየር

100 ግራም ፕላስቲሲን አድቦልቡላችሁ ውሃ ውስጥ ጣሉት። ይሰምጣል። እፍጋቱ 1.8 ከሆነ ይዘቱ 55 ሴንቲ ሜትር ኩብ ገደማ ስለሆነ ሊገፋ የሚችለው 55 ግራም ውሃ ብቻ ነው። አሁን ያንኑ ፕላስቲሲን ጠርዙ ከፍ ያለ ስስ ጎድጓዳ አድርጋችሁ ሥሩት። ከውጭ ጠርዙ ድረስ ሲለካ ከ100 ሴንቲ ሜትር ኩብ በላይ ከያዘ ይንሳፈፋል። ፕላስቲሲኑ አልተቀየረም፤ የተቀየረው አየሩን ጨምሮ ሲታሰብ ያለው አማካይ እፍጋት ነው። የብረት መርከብ የሚንሳፈፈው እንደዚህ ነው። ሰርጓጅ መርከብ ደግሞ ታንኮቹን ውሃ በመሙላትና በአየር በማስወጣት ይህንኑ አማካይ ከፍ ዝቅ ያደርጋል።

አማካይ የሚለውን ቃል አትርሱት። በኋላ ሳተርን ላይ የሚፈጠረው ግራ መጋባት ሁሉ የሚመጣው ከእሱ ነው።

ፈሳሹን ለመቀየር ጨው በቂ ነው። ውሃ በክፍል ሙቀት በሊትር 360 ግራም ገደማ ጨው ያሟሟል፤ ከዚያ በላይ ታች ይቀመጣል። ጨው የጠገበው ውሃ እፍጋት ወደ 1.2 ይደርሳል። ስለዚህ እፍጋቱ 1.1 የሆነ የፕላስቲክ ቁራጭ ተራ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል፣ ጨው በጠገበው ውሃ ላይ ግን ይንሳፈፋል። ሙት ባሕር ውስጥ ሰው ያለ ልፋት የሚንሳፈፈው የውሃው እፍጋት 1.24 ገደማ ስለሆነ ነው።

ሌላ ዓለም ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የሳተርን ትልቋ ጨረቃ ታይታን ላይ ሐይቆችና ባሕሮች አሉ፤ የሞሉት ግን በፈሳሽ ሚቴንና ኢቴን ነው። የዚህ ፈሳሽ እፍጋት ከውሃ በረዶ በጣም ያንሳል። እዚያ አንድ ቁራጭ የውሃ በረዶ ብትጥሉ እንደ ድንጋይ ይሰምጣል። ሃይገንስ የተባለችው መንኩራኩር በጃንዋሪ 2005 አጋማሽ ታይታን ላይ ስታርፍ፣ ምን ላይ እንደምታርፍ አስቀድሞ ስለማይታወቅ ፈሳሽ ላይ ብትወድቅ እንድትንሳፈፍም ታስቦ ነበር። ያረፈችው ጠጣር መሬት ላይ ነው።

ደረጃ 6፦ ከብርጭቆ ወደ ሰማይ

ጁፒተርን ሚዛን ላይ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ብርጭቆ ውስጥም አይገባም። ግን ዙሪያውን የሚሽከረከር ነገር አለው። ጨረቃ ፕላኔቷን የምትዞርበትን ፍጥነት የሚወስነው የፕላኔቷ መጠነ ቁስ ነው። ፕላኔቷ በከበደች ቁጥር፣ በዚያው ርቀት ላይ ያለች ጨረቃ በፍጥነት ትዞራለች። ኬፕለር በ1619 የርቀትና የጊዜን ግንኙነት አስቀመጠ። ኒውተን በ1687 ግንኙነቱ ከስበት የሚመነጭ መሆኑን አሳየ።

መጠነ ቁሱ የሚገኘው የጨረቃዋን ርቀት ሦስት ጊዜ በራሱ አባዝቶ፣ ለዙሩ ጊዜ ካሬ በማካፈል ነው። ይዘቱ ደግሞ የፕላኔቱን ሬዲየስ ሦስት ጊዜ በራሱ በማባዛት ይገኛል። እፍጋት ሁለቱን ማካፈል ስለሆነ፣ ርቀት ኩብ ለሬዲየስ ኩብ ይሆናል። ኪሎ ሜትር ለኪሎ ሜትር ይጣፋል! የቀረው ንጽጽር ብቻ ነው፤ ጨረቃዋ ከፕላኔቱ መሃል ስንት የፕላኔት ሬዲየስ ያህል ትርቃለች የሚለው። ንጽጽር ደግሞ ከፎቶ በሚሊ ሜትር ወይም በፒክሰል ይለካል።

ቋሚ ቁጥሮቹን ሁሉ ጠቅልዬ ጊዜውን በቀን ሳደርገው ቀመሩ ይህ ነው፦

እፍጋት = 0.0189 × (ርቀት ÷ ሬዲየስ)³ ÷ (ቀን)²

መልሱ በግራም ለሴንቲ ሜትር ኩብ ይወጣል። ርቀቱ ከመሃል እስከ መሃል ነው።

0.0189 ውስጥ የተደበቀው የስበት ቋሚ ቁጥር ነው፤ እሱን ለማግኘት ብዙ ዘመን ፈጅቷል። ኒውተን ይህ ቁጥር ስላልነበረው ማድረግ የቻለው ዓለማቱን እርስ በርስ ማነጻጸር ብቻ ነበር። መሬት ከፀሐይ አራት እጥፍ ገደማ የታመቀች መሆኗን በዚያ መንገድ አስልቶ አግኝቷል፤ የዛሬው ልኬትም ከዚያ ብዙ አይርቅም። የመሬት እፍጋት ከውሃ 5 ወይም 6 እጥፍ ሳይሆን አይቀርም ብሎም ገምቷል። በ1798 ሄንሪ ካቨንዲሽ የእርሳስ ኳሶች እርስ በርስ የሚሳሳቡበትን እጅግ ደቃቅ ኃይል ለክቶ 5.48 አገኘ። የዛሬው ቁጥር 5.51 ነው። አንድ ክፍል ውስጥ በተንጠለጠሉ ኳሶች የመሬትን ውስጥ መመዘን መቻሉ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ደረጃ 7፦ ስሌቱን መሥራት

በጁፒተር እንጀምር። አዮ የተባለችው ጨረቃ ከመሃሉ 421,700 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፣ የጁፒተር አማካይ ሬዲየስ 69,911 ነው። ንጽጽሩ 6.03። ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 219.5 ገደማ። የዙሯ ጊዜ 1.769 ቀን፣ በራሱ ሲባዛ 3.13። 219.5 ለ3.13፣ 70.1። በ0.0189 ስናባዛው 1.33። የጁፒተር እፍጋት 1.33 ነው።

ሳተርን ላይ ታይታንን እንውሰድ። ርቀቷ 1,221,870፣ የሳተርን አማካይ ሬዲየስ 58,232፣ ንጽጽሩ 20.98። ኩቡ 9,238 ገደማ። ዙሯ 15.945 ቀን፣ በራሱ ሲባዛ 254.2። ሲካፈል 36.3፣ በ0.0189 ሲባዛ 0.69። ከውሃ በታች! በፀሐይ ሥርዓታችን ካሉት ስምንት ፕላኔቶች ይህን ቁጥር የሚሰጣችሁ ሳተርን ብቻ ነው።

እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። ሳተርን በፍጥነት ስለሚሽከረከር ወገቡ ላይ ሰፍቶ ዋልታዎቹ ላይ ተደፍጥጧል። በወገቡ በኩል ሬዲየሱ 60,268 ነው፣ በዋልታው በኩል 54,364። ከፎቶ ላይ የወገቡን ስፋት ብቻ ለክታችሁ ክብ ነው ብላችሁ ካሰላችሁ 0.62 ይወጣችኋል። ልዩነቱ ከባድ ነው፤ ሬዲየስ ላይ የሚሠራ ስህተት ኩብ ሲደረግ ሦስት እጥፍ ገደማ ያድጋል። 3 በመቶ ብትሳሳቱ እፍጋቱ 9 በመቶ ገደማ ይዛባል።

በራሳችሁ ፎቶ መሥራት ለምትፈልጉ ካሊስቶን እመክራለሁ። ከጁፒተር አራት ትልልቅ ጨረቃዎች ሩቋ እሷ ናት፤ ከመሃሉ 27 ሬዲየስ ገደማ ትርቃለች፣ ዙሯም 16.7 ቀን ነው። በትንሽ ቴሌስኮፕ ትታያለች። በተከታታይ ምሽቶች ፎቶ አንሱና በጣም የራቀችበትን ምሽት ምረጡ። የጁፒተርን ክብ ስትለኩ ግን ፎቶው በብርሃን እንዳይጥለቀለቅ ተጠንቀቁ። ክቡ ካለው በላይ ሰፍቶ ይታይና እፍጋቱ ከልክ በላይ ያንሳል። አንድ አጭር ፎቶ ለክቡ፣ አንድ ረዘም ያለ ለጨረቃዋ፣ በአንድ ዓይነት ማጉላት ማንሳት ያዋጣል።

የእኛዋን መሬትም በጨረቃዋ ሞክሯት። ርቀቱ 384,400፣ ሬዲየሱ 6,371፣ ዙሩ 27.32 ቀን። 5.56 ገደማ ታገኛላችሁ፤ ከ5.51 ትንሽ ከፍ ይላል። ቀመሩ ጨረቃዋ ከፕላኔቷ አንጻር ኢምንት ናት ብሎ ስለሚያስብ ነው። የእኛ ጨረቃ ግን የመሬት 1/81 ያህል ናት፤ የራሷ ስበት ስሌቱ ውስጥ ይገባል።

ሜርኩሪና ቬነስ ጨረቃ የላቸውም። እነሱን በትክክል መመዘን የተቻለው መንኩራኩር በአጠገባቸው ሲያልፍ መንገዱ ምን ያህል እንደተጠመዘዘ በመለካት ነው። ቬነስን ማሪነር 2 በ1962፣ ሜርኩሪን ማሪነር 10 በ1974።

ደረጃ 8፦ ቁጥሩን ማንበብ

ሁሉም እነሆ፦

ሜርኩሪ 5.43
ቬነስ 5.24
መሬት 5.51
ማርስ 3.93
ጁፒተር 1.33
ሳተርን 0.69
ዩራነስ 1.27
ኔፕቱን 1.64

በደረጃ 2 የለካችሁት ድንጋይ 2.7 ነበር። መሬት 5.51 ናት። እንግዲህ ውስጧ ላዩዋ ላይ ካለው ድንጋይ በጣም የከበደ ነገር መኖር አለበት። በእርግጥም አለ፤ በአብዛኛው ብረት የሆነ እምብርት። ሰው ወደዚያ ቆፍሮ ሳይደርስ ይህን የጠቆመው ይህ ቁጥር ነው።

ግን አንባቢው እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለበት። ከመሬት እፍጋት የተወሰነው ድርሻ ከብረት ሳይሆን ከመጨመቅ የመጣ ነው። ከላይ ያለው ክብደት ውስጡን ስለሚጫነው ድንጋዩም ብረቱም ይታመቃሉ። ጫናው ቢነሳ የመሬት ቁጥር ወደ 4 አካባቢ ይወርዳል። ትንሿ ሜርኩሪ ግን ውስጧ ያን ያህል አልተጨመቀም፤ ጫናው ቢነሳላት ከ5.3 ገደማ አትወርድም። ስለዚህ ከመሬት ያነሰ እፍጋት ያላት ሜርኩሪ በድርሻ ከመሬት በጣም የበለጠ ብረት አላት። እምብርቷ ከሬዲየሷ 85 በመቶ ገደማ ይይዛል። ሰንጠረዡን ላይ ላዩን ያየ ሰው ይህን ያልፈዋል።

ጁፒተርና ሳተርንም እንዲሁ ናቸው። ሁለቱም በአብዛኛው ሃይድሮጂንና ሂሊየም ናቸው። ጁፒተር 318 መሬት ያህል ይመዝናል፣ ሳተርን 95 ያህል። በስፋት ግን ጁፒተር 11 መሬት፣ ሳተርን 9 መሬት ናቸው። ከሦስት እጥፍ በላይ ቁስ የያዘው በስፋት ብዙም አልበለጠም። የገዛ ክብደቱ ስለጨመቀው ነው። የሳተርን ቁጥር ዝቅ ያለው የተሠራበት ነገር ቀላል ስለሆነና እንደ ጁፒተር ስላልተጨመቀ ነው።

ዝቅተኛ ቁጥር ሁልጊዜ ቀላል ጋዝ ማለትም አይደለም። ሮዜታ የተባለችው መንኩራኩር የጎበኘችው ኮሜት 67ፒ እፍጋቱ 0.53 ገደማ ነው። የተሠራው ግን ከአቧራና ከበረዶ ነው። አብዛኛው ይዘቱ ባዶ ቀዳዳ ስለሆነ ነው ቁጥሩ የወረደው። የሳተርን ጨረቃ ሃይፒሪየንም በተመሳሳይ ምክንያት 0.54 ገደማ ናት። ቴቲስ ደግሞ 0.98 ናት፤ እሷ ከሞላ ጎደል ንጹሕ በረዶ የሆነች ዓለም ናት። ሦስቱም ከውሃ በታች ናቸው፣ ታሪካቸው ግን ይለያያል። ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ የነገሩን መጠንና የሚታየውን ገጽታ አብራችሁ ተመልከቱ።

ደረጃ 9፦ ሳተርን በእርግጥ ይንሳፈፋል?

የሳተርን አማካይ እፍጋት ከውሃ ያንሳል የሚለው እውነት ነው፤ አሁን ራሳችሁ አስልታችሁታል። ይንሳፈፋል የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

በደረጃ 4 እንዳየነው ለመንሳፈፍ ላይና ታች ያስፈልጋል፤ ከውጭ የሚስብ ነገር መኖር አለበት። ሳተርንን የሚያክል ይዘት ያለው ውሃ ግን ከራሱ ከሳተርን ይበልጥ ይከብዳል። ገንዳው ከዚያም መብለጥ ስላለበት ውሃው ራሱ ግዙፍ ፕላኔት ይሆናል። በዚያ ጥልቀት ያለው ግፊት ውሃን ውሃ ሆኖ እንዲቀጥል አይፈቅድለትም። በክፍል ሙቀት እንኳ ግፊቱ ከአየራችን ግፊት 10,000 እጥፍ ገደማ ሲሆን ውሃ ጠጣር ይሆናል፤ የዓለማት ውስጥ ግፊት ከዚያ በብዙ ይልቃል።

ሌላው ነገር ሳተርን እንደ እንጨት አንድ ላይ የተያያዘ አካል አይደለም። ጠጣር ላይኛ ገጽ የለውም። 0.69 አማካይ ነው፤ ላዩ ከውሃ በጣም የቀለለ ጋዝ ሲሆን መሃሉ ከውሃ በብዙ የከበደ ነው። ሁለቱ ቢገናኙ ተንሳፍፎ የሚቆም ኳስ አይኖርም። ሁለቱ ተዋሕደው አንድ ይሆናሉ፣ ከባዱ ወደ መሃል፣ ቀላሉ ወደ ውጭ ያዘነብላል። ስለዚህ ልጆች ሲጠይቋችሁ "ሳተርን በአማካይ ከውሃ ቀላል ነው" በሏቸው። ይህ ትክክል ነው፣ በራሱም በቂ ድንቅ ነው።

ከፀሐይ ሥርዓታችን ውጭ ከዚህም የባሰ አለ። ኬፕለር-51 የተባለችውን ኮከብ የሚዞሩ ሦስት ፕላኔቶች እፍጋታቸው ከ0.1 በታች ሆኖ ተለክቷል። እፍጋታቸው ይህን ያህል የወረደበት ምክንያት እስካሁን የምርምር ርዕስ ነው።

ደረጃ 10፦ ራሳችሁን ፈትኑ

ሦስት ስሌት ልስጣችሁ። መልሱን ከማየታችሁ በፊት ሥሯቸው።

ማርስ፦ ጨረቃዋ ፎቦስ ከመሃል 9,376 ኪሎ ሜትር፣ ዙሯ 0.319 ቀን፣ የማርስ ሬዲየስ 3,390።

ዩራነስ፦ ጨረቃው ታይታኒያ 436,000 ኪሎ ሜትር፣ ዙሯ 8.706 ቀን፣ የዩራነስ ሬዲየስ 25,362።

ኔፕቱን፦ ጨረቃው ትራይተን 354,759 ኪሎ ሜትር፣ ዙሯ 5.877 ቀን፣ የኔፕቱን ሬዲየስ 24,622።

መልሶቻችሁ ከላይ ካለው ዝርዝር ጋር በ1 በመቶ ውስጥ መቀራረብ አለባቸው። ከሚገባው ስምንት እጥፍ ያነሰ ቁጥር ከወጣችሁ በሬዲየስ ፋንታ ዲያሜትር አስገብታችኋል። ቁጥሩ ጨርሶ የማይመስል ከሆነ ጊዜውን በሰዓት አስገብታችሁ እንደሆነ አረጋግጡ፤ 0.0189 የሚሠራው በቀን ብቻ ነው። ርቀቱን ከፕላኔቱ ላይኛ ገጽ ጀምሮ የለካ ሰው ደግሞ ፎቦስ ላይ በግልጽ ይጋለጣል። ፎቦስ ለማርስ በጣም ቅርብ ስለሆነች አንድ ሬዲየስ መቀነስ እፍጋቱን ከ3.93 ወደ 1.02 ገደማ ያወርደዋል፤ ማርስን ከውሃ ጋር እኩል አድርጎ ማለት ነው።